ሶፋው የወጣበት ቅዳሜ

ቤት የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ቤቱ አይደለም። «መኪና ያስገባል?» ነው የሚለው። የእኛ አያስገባም። ቤታችን ከቀጨኔ በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚያቀናው ዳገት ላይ ነው። ከአስፋልቱ የሚነሳው ኮብልስቶን መሀል መንገድ ላይ ያልቃል። ከዚያ በላይ ያለው ድንጋይና ቀይ አፈር ሲሆን፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከሄደ የአንዱ ትከሻ የአጥር ቆርቆሮ ይነካል። ይህን በስልክ ሳስረዳ አብዛኛው ሰው አመስግኖ ይዘጋል። ሳያመሰግን የሚዘጋም አለ።

የአምስተኛ ክፍል የሳይንስ አስተማሪ ነኝ። አንድን ነገር ከሥሩ ጀምሬ ካላስረዳሁ የነገርኩት አይመስለኝም፤ ስለዚህ ከሥሩ ልጀምር።

ቤቱን ለመሸጥ የተነሳነው በእናቴ ጉልበት ምክንያት ነው። ሕመሙ ከዓመት ዓመት እየባሰ ሄዶ ከጥምቀት ወዲህ ዳገቱን መውጣትም ቁልቁለቱን መውረድም ጨርሶ አቃታት። ሐኪሙ ዳገትና ደረጃ የሌለበት ቦታ እንድትኖር መከራት። ጉለሌ ውስጥ ዳገት የሌለበት ቦታ ፈልጉ ማለት ዓባይ ውስጥ ደረቅ ድንጋይ ፈልጉ እንደ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ዓለሟ በሙሉ ግቢያችን ሆነ፤ ከበሩ እስከ ማድቤቱ፣ ከማድቤቱ እስከ ውሃ በርሜሉ። የመድኃኔዓለም ቅዳሴ በድምፅ ማጉያ ሲሰማ ነጠላዋን ለብሳ በረንዳው ላይ ቆማ ታስቀድስ ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የግቢውን በር ከፍታ፣ ከዘራዋን ይዛ ደፉ ላይ ቆማ አገኘኋት። የት ልትሄድ እንደሆነ ጠየቅኳት። «የትም። መንገዱን እያየሁት ነው» አለችኝ።

ያን ዕለት ቆረጥኩ። ይህን ሸጠን ሜዳ ላይ ያለ ኮንዶሚኒየም፣ ግራውንዱን እንገዛለን፤ እሷም በእግሯ ወጥታ በእግሯ ትመለሳለች።

እሺ ለማለት ጊዜ ወሰደባት። እሺ ስትልም ነገሩ እስኪያልቅ ድረስ ለአንድም ጎረቤት እንዳልናገር አስማለችኝ። ለእሷ የኖሩበትን ቤት መሸጥ ትዳር እንደ ማፍረስ ያለ ነገር ነው። ካለቀ በኋላ ይነገራል እንጂ አስቀድሞ አይወራም። ደላላውም በራሱ ምክንያት ያንኑ መከረን፤ ሰፈር ከሰማ ገበያ ይበላሻል አለ።

ማስታወቂያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስፋቱን፣ የክፍሎቹን ብዛት፣ ግድግዳው ጭቃ ሆኖ በሲሚንቶ የተለሰነ መሆኑን፣ ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ፣ ጣሪያው በየት በኩል እንደሚያፈስና እንዴት ቢጠገን እንደሚሻል ዘርዝሬ አስቀመጥኩ። ደላላው ረጋ ብሎ አነበበውና ቀና አለ።

«አስተማሪ፣ ይሄ ማስታወቂያ ነው ወይስ ኑዛዜ?»

ከዚያ እዚያው እንደቆመ በስልኩ ሌላ ጻፈ። ለኑሮ ምቹ፣ ለአስፋልት ቅርብ፣ ነፋሻማ፣ ካርታው የተጣራ፣ ለኢንቨስትመንት የሚሆን። የደላላ ቋንቋ ለማያውቅ ላስረዳ። ለአስፋልት ቅርብ ማለት አስፋልት ላይ አይደለም ማለት ነው። ነፋሻማ ማለት ዳገት ነው። ለኢንቨስትመንት የሚሆን ማለት ደግሞ ቤቱን አፍርሰህ ሌላ ሥራበት ማለት ነው። ይህችን የመጨረሻዋን ለእናቴ አላነበብኩላትም። ሰው እንዳያውቀው ከውስጥ ብቻ ፎቶ አንስተን ማስታወቂያው ቴሌግራም ላይ ወጣ።

ሰው መምጣት ጀመረ። ጎረቤት ሲጠይቀኝ የመጡት የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው እላለሁ። ፊት ለፊታችን የምትኖረው ጎረቤታችን የእናቴ የረጅም ጊዜ ጓደኛ ናት፤ አንዳቸው የሌላዋን ልጅ አዋልደዋል፣ የቤታቸው በርም ትይዩ ነው። የሚገባ የሚወጣውን ካላየች እንጀራ አይዋጥላትም። አንድ ቅዳሜ ሦስተኛዎቹን «ባልደረቦች» ሸኝቼ ስመለስ አጥሯን ተደግፋ ጠበቀችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ትምህርት ቤታችሁ ተማሪም አለው? ወይስ አስተማሪ ብቻ ነው?»

ሳቅኩ። እሷ ግን አልሳቀችም። ያን ሰሞን እናቴ ጓደኛዋን ደጅ ላይ ሸኝታ ትመልሳት ነበር። ቀለም ስለተቀባ ይሸታል፣ ለበዓል ነው፣ ሲደርቅ ትገቢያለሽ ትላታለች። ቀለሙ ከደረቀ ሰንብቷል።

ስለ ቀለሙ ትንሽ ልበል። እናቴ ቤት ውስጥ የምትሄደው ግድግዳ እየያዘች ነው። ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን፣ ከሳሎን እስከ በረንዳ፣ መዳፏ በሚያርፍበት ከፍታ ላይ ወዝ የጠጣ ጥቁር መስመር ነበር። ያን መስመር አጥቤ፣ ፍቄ፣ በነጭ ቀለም ሁለት እጅ ቀባሁት። ከዚያ እንዳትነካው ነገርኳት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ረስታ ትይዝና እንደ እሳት እጇን ትሰበስብ ነበር። በኋላ ጠዋት ጠዋት ወንበሯ ላይ ተቀምጣ መዋል ለመደች። ሽሮ ሲቁላላ ሽታው እንዳይዝ በር እንዘጋለን፤ ሰው ሊመጣ ነው ስባል አልጋ ልብስ እቀይራለሁ፤ ቡፌው ላይ ያለውን ብርጭቆ በመጠኑ እደረድራለሁ። ቤቱ ከመቼውም ይልቅ አማረ፣ እኛ ግን የምንቀመጥበት አጣን። ትምህርት ቤት ውዬ ስመለስ ሰው ቤት በእንግድነት የምገባ ይመስለኝ ነበር፤ እሷ ደግሞ ከሰው ቤት መውጣት የማትችል እንግዳ ሆነች።

በመጨረሻ የምር ገዢ ተገኘ ተባለ። ሴትዮዋ ነጋዴ ናት፣ ዳገቱም የመኪናውም ነገር ተነግሯት እሺ ብላለች፣ ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ትመጣለች። ደላላው ዋዜማውን መጥቶ ሳሎኑን ዞር ዞር ብሎ አየና ዕቃው ቦታ ስለያዘ ጠቦ ነው የሚታየው፣ አውጡት፣ ባዶውን ትየው አለ። ምክንያታዊ ሆኖ አገኘሁት። ባዶ ክፍል ሰፍቶ እንደሚታይ ለተማሪዎቼም አስረድቼ አውቃለሁ።

ቅዳሜ በማለዳ ሁለት የቀን ሠራተኞች ከአዲሱ ገበያ ይዤ መጣሁ። አቧራ ስለሚኖር አሮጌ ጥቁር ቀሚሴን ለበስኩ፣ ፀጉሬን በጥቁር ሻሽ አሰርኩ። ከወለሉ የተነሳው የኖራ ብናኝ ዓይኔን አቀላው፤ አፍንጫዬን እየጠረግኩ ነው የምሠራው። መጀመሪያ ሶፋው ወጣ፣ ቀጥሎ ቡፌው። ከግድግዳው የአባቴን ፎቶና የእኔን የምረቃ ፎቶ አወረድኩ። የእናቴን አልጋ ፈትተን ስለነበር ፍራሿን የጓዳው ወለል ላይ አነጠፍኩላትና ጋደም አለች። ሰማዩ ስለጠቆረ ሠራተኞቹ ዕቃው ላይ ሸራ እንዘርጋበት አሉ። ግቢው ውስጥ አራት እንጨት ተክለው ሰማያዊ ሸራ ወጠሩ። በሩ ዕቃ ስለሚወጣበት ወለል ብሎ ተከፍቷል።

እዚህ ከተማ ያደገ ሰው ሁሉ የቀረውን ያውቀዋል። እኔም ያደግኩት እዚሁ ነው። ሰው ሲሞት ሳሎን ይለቀቃል። ሶፋና ቡፌ ይወጣል፣ ፎቶ ይወርዳል፣ ወለሉ ላይ ፍራሽ ይነጠፋል፣ ግቢው ላይ ድንኳን ይተከላል፣ የቤቱ ልጅ ጥቁር ትለብሳለች። ሕፃን ሆኜ አባቴ የሞተ ለት፣ መሞቱን ያወቅኩት ሶፋው ሲወጣ ነው። ያን ጠዋት ግን በጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው አራት ሰዓትና የክፍሉ ስፋት ብቻ ነበር።

የፊት ለፊቷ ጎረቤታችን ለዳቦ ልትወጣ በሯን ስትከፍት ይህን ሁሉ አየች። ሸራውን አየች፣ እኔን አየች። የያዘችውን ዘንቢል እዚያው ጥላ፣ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭና ገባች።

«ወይኔ እትዬ! ወይኔ ጓዴ! ደጅ ላይ መልሰሽኝ!»

አፌን ከፍቼ ላስረዳ ስል እቅፍ አድርጋ ደረቷ ላይ ደፈቀችኝ። እሷን የሰሙት ከላይም ከታችም መጡ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሸራው ሥር ቆመው ያለቅሳሉ፤ ሠራተኞቹ ሸራው ሥር ሊያስገቡ ያነሱትን ቡፌ መሬት አስቀምጠው ኮፍያቸውን አወለቁ። የዕድሩ ዳኛ ፒጃማቸው ላይ ኮት ደርበው ደረሱ፤ ከኋላቸው ጡሩምባ ነፊው መሣሪያውን በብብቱ ይዞ ቆሟል። ከታች ሱቅ ያለው ጎረቤታችን ሱቁን ቆልፎ አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ መጣ። እኔ «አይደለም፣ አይደለም» እላለሁ። ሴቶቹም «ልክ ነሽ፣ አይታመንም» እያሉ ያጽናኑኛል።

እናቴ ጓዳ ሆና ለቅሶውን ሰማች። ግቢያችን ውስጥ ለቅሶ ሲሰማ ምን ታስብ? ከጎረቤት አንዱ ሞቶ ሊያረዷት የመጡ መሰላት። ከፍራሹ ተነስታ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ አዲሱን ቀለም በሁለት እጇ እየያዘች ወጣች። በረንዳው ላይ እንደደረሰች እንባዋ እየወረደ ነበር።

«ማን ነው? ማንን ነው ያጣነው?»

አንዷ በስመአብ ብላ አማተበች። ጓደኛዋ እኔን ለቃ ወደ በረንዳው አፈጠጠች፤ ቀጥላም በቁጣ ጮኸች።

«አንቺን ነዋ! ደግሞ ምን ልሁን ብለሽ ነው የተነሳሽው?»

መጀመሪያ የሳቀችው እናቴ ናት። ከዚያ ሁሉም ሳቀ፤ እንባውና ሳቁ ተደባለቀ። ጡሩምባ ነፊው ዳኛውን ታዲያ ልንፋ ወይስ ልቅር ብሎ ጠየቃቸው፤ እሳቸውም እሷኑ ጠይቃት አሉት። አንዷ ፍራሹን ወደ ሳሎን አወጣችው፣ አንዷ ሻይ ጣደች። ከሞት የተመለሰ ሰው ዝም ተብሎ አይታለፍም።

ግን አንድ ሰው መጠየቁ አይቀርም ነበር። ዕቃው ለምን ወጣ? ስለ ብርሃን፣ ስለ ክፍል ስፋት፣ ስለ ጣሪያው ከፍታ ማስረዳት ጀመርኩ። እናቴ በከዘራዋ በረንዳውን መታ አደረገች።

«ተዪው ልጄ። ቤቱን ልንሸጥ ነው» አለቻቸው።

ሴቶቹ ነጠላቸውን እንደገና አዘቀዘቁ። የፊቱ ለቅሶ ድምፅ ነበረው፤ ይኼኛው አልነበረውም። ጓደኛዋ የጣለችውን ዘንቢል ልታነሳ ወጣች። በሩ ላይ ከደላላውና ከገዢዋ ጋር ተላለፉ። አራት ሰዓት ሆኖ ነበር። ሴትዮዋ ሸራውን፣ ያበጡ ዓይኖችን፣ የተዘቀዘቀ ነጠላ አይታ አንገቷን ደፋች። ሱቅ ያለው ጎረቤታችን ወዲያው ተነስቶ ቦታ ለቀቀላት፤ ውሃም ቀረበላት። ጨርሳ ከጠጣች በኋላ ለደላላው በጆሮው ለቅሶ ያለበት ቤት እንደማታይ ነገረችው። የሞተ ሰው እንደሌለ ተከትዬ እስከ ኮብልስቶኑ ድረስ አስረዳኋት። የባሰ ነው፣ በቁሟ ያለች ሰው የተለቀሰባት ቤት ደግሞ ምን ይባላል አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ዕቃውን መለስን። እናቴ አዲሱ ግድግዳ ላይ የታተመውን የእጇን አሻራ አንድ በአንድ በጣቷ ነካች። አሁን ሐሳቧን ትለውጣለች፣ ይህን ሁሉ ሰው ትቼ የት እሄዳለሁ ትላለች ብዬ እየጠበቅኩ ነበር። ከልቤ ልናገርና፣ እንዲያ ብትል ግማሽ ልቤ ዕረፍት ያገኝ ነበር።

«እፈራ የነበረው ማን ያለቅስልኛል ብዬ ነው» አለችኝ። «እዚያ ሜዳ ላይ፣ ማን እንደሆንኩ ሳያውቁ፣ ዝም ብለው እንዳይቀብሩኝ። ይኸው አየሁት። ምን ቀረኝ? ሽጪው።»

እሷ ተፈታች፣ ቤቱ ግን ያዘን። ሰው ይደውላል፣ ቀጠሮ ይይዛል፣ ከዚያ ይቀራል። አንዳንዱ ዳገቱን ግማሽ ድረስ ወጥቶ ይመለሳል። ደላላው ገበያው ቀዝቅዟል አለኝ። ክረምቱ እየገባ ነበር፤ ዝናቡ ሲጀምር መንገዱ ያሟልጫል፣ ያን ጊዜ እናቴ በረንዳውን እንኳ አትወርድም። በሩ ላይ ቆማ መንገዱን ማየትም ተወች። የትምህርት ዓመቱ ማለቂያ ስለነበር ፈተና እያረምኩ እቤት እውላለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሁለታችንም ማስታወቂያ ውስጥ የተረሳን ዕቃ እንመስል ነበር።

የሆነውን የነገረኝ አንድ ወጣት ነው። ሚስቱን ይዞ ሊያይ ቀጠሮ ይዞ ቀረ፤ ስደውልለት ቅን ሰው ስለነበር ምክንያቱን ደብቆ አላለፈም። ቤት የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ጎረቤት ይጠይቃል፤ ይህ የታወቀ ነው። እሱም ጠይቋል። ከታች ያለው ባለሱቅ ክረምት ክረምት ጎርፍ ይገባበታል ብሎታል። ከላይ ያሉት የዕድሩ ዳኛ ጅብ አጥር ዘሎ እንደሚገባ ነግረውታል። ፊት ለፊት ያሉት እናት ደግሞ ሰፈሩ ለመንገድ ሊፈርስ ነው፣ ገንዘብህን አትጣል ልጄ ብለውታል።

ጎርፍ ገብቶብን አያውቅም። ይፈርሳል የተባለም ነገር የለም። ጅቡ እውነት ነው፣ ግን አጥር አይዘልም።

ተናድጄ ጫማዬን አደረግኩ። በየበሩ ሄጄ አንድ በአንድ ላስረዳቸው ነበር፤ የሐኪሙን ወረቀትም ይዣለሁ። እናቴ ጠርታ ቁጭ አድርጋኝ የሰማሁትን ሁሉ አስነገረችኝ። ሳልጨርስ ተነስታ የክት ቀሚሷን እንዳወጣላት አዘዘችኝ።

«አንቺ ታስረጃቸዋለሽ» አለች። «እነሱ የጎደላቸው ማስረጃ አይደለም።»

እሑድ፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት፣ ወጣን። በአንድ እጇ ከዘራዋን በሌላው ክንዴን ያዘች፤ እኔ የፕላስቲክ ወንበር አንጠልጥያለሁ። ትንሽ ትሄዳለች፣ ትቀመጣለች፣ ትነሳለች። ፊት ለፊት ያለችውን፣ ቅርቧን፣ ለመጨረሻ አስቀረቻት። መጀመሪያ ወደ ላይ ወደ ዳኛው ወጣን። እሳቸው አፈሩ፤ ብትሄድም ከዕድሩ እንደማትወጣ፣ ድንኳኑም የትም ቢሆን እንደሚመጣላት ቃል ገቡ። ቤተ ክርስቲያን መሳምም ከፈለገች ወጣቶቹ በዕድሩ ቃሬዛ እንደሚያወርዷት ነገሯት። እናቴ በቃሬዛው ለመሄድ አትቸኩሉብኝ አለቻቸው። ከዚያ ወደ ታች ወረድን። ባለሱቁ ከሱቁ ወጥቶ መንገድ ላይ ተቀበላት፤ እማማ፣ ጎርፉን ያወራሁት እንዳይሄዱብን ብዬ ነው አላት፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

ስንመለስ ጉልበቷ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጓደኛዋ በሯ ላይ ቆማ ስንወጣም ስንወርድም ስታየን ቆይታለች። ወንበሩን አስቀመጥኩ፤ እናቴ ተቀመጠች። ጓደኛዋ ደፉ ላይ ቁጢጥ አለች፤ የሁለቱ ጉልበት ሊነካካ ደርሷል። ገና ሳትጠየቅ ጀመረች።

«አዎ፣ ብያለሁ። ነገም እላለሁ። እዚያ ማን ያውቅሻል? ብትታመሚ ማን ይሰማል?»

«አንቺ ትሰሚያለሽ።»

«በታክሲ ሁለት ቦታ ተሳፍሬ?»

«አዎ፣ ተሳፍረሽ። እኔ ስለማልችል ነዋ። አልቅሰሽልኛል፣ በዓይኔ አይቻለሁ፤ የቀረውን በጊዜው ትጨርሺዋለሽ። አሁን ግን በቁሜ እዚያ ግቢ ውስጥ ተቀብሬያለሁ። ከድንጋዩ አንዱ አንቺ ነሽ። ልቀቂኝ እህቴ።»

ጓደኛዋ የቀሚሷን ጫፍ ስታጥፍ ስትዘረጋ ቆየች። ኋላ ተነስታ በሌላኛው ክንዷ ገብታ እስከ በራችን አደረሰቻት፤ አልገባችም።

በሳምንቱ ያ ወጣት ከነሚስቱ መጣ። ለምን እንደተመለሰ አላውቅም፤ ምናልባት ሌላ የሚችለው ቤት አላገኘም ይሆናል። በራችን ላይ ቆመው ሊያንኳኩ ሲሉ የጓደኛዋ በር ሲከፈት ሰማሁ። እኔ ከውስጥ፣ ከቆርቆሮው ጀርባ፣ እጄ መቀርቀሪያው ላይ ነበር። ወጣቱ በትሕትና ጤና ይስጥልኝ አላትና ባለፈው ስለነገሩኝ ነገር እንደገና ልጠይቅዎት ብዬ ነው አለ። መንገዱ የሚያልፈው በእርግጥ በዚህ በኩል ነው?

መቀርቀሪያውን አልሳብኩም። እናቴ በረንዳው ላይ አንገቷን ወደ በሩ አዘንብላ ታዳምጥ ነበር። ሰውየው ያልተሰማ መስሎት ጥያቄውን ሊደግም ጀመረ።

«አያልፍም» አለች ጓደኛዋ። «ውሸቴን ነው። ደህና ቤት ነው። ግድግዳውን አይታችሁ አትፍረዱ፤ በበጋ አይሞቅም፣ በክረምት አያፈስም። አንድ ጥግ ያፈሳል፣ ልጅቷ ታሳያችኋለች።»

ከዚያ ለመተንፈስ ያህል ቆም አለች።

«ግቡ። ያሉት ሰዎች ደጎች ናቸው።»

በሯ ተዘጋ፤ ከውስጥ ቁልፉ ሁለት ጊዜ ሲዞር ተሰማ። እናቴ በረንዳው ላይ እንደተቀመጠች ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። በእጇ ክፈቺላቸው አለችኝ፤ መቀርቀሪያውን ሳብኩት።